ኪሞኖ የአንድ ልብስ ስም ነውን? ስለ ጃፓን የባህል አልባሳት አከፋፈል የቀረበ ሂስ

ስለ ጃፓን ሕዝብ አለባበስ በውጭ አገር ሰዎች የተጻፉትን ጽሑፎች ስንመረምር ሁለት ዐይነት ልማድ እናገኛለን። የመጀመሪያው ልማድ የአገሩን ልብስ ሁሉ «ኪሞኖ» ብሎ በአንድ ስም ጠቅልሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ጉድለት ለመሙላት ሲል ፉሪሶዴ፥ ቶሜሶዴ፥ ዩካታ፥ ሃኦሪ፥ ሃካማ እያለ ስሞችን በተራ ይደረድርና በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሥዕል አኑሮ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጥረዋል። የመጀመሪያው ልዩነትን ያጠፋል፤ ሁለተኛው ልዩነቱን ይቈጥራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። አንባቢውም ዝርዝሩን ጨርሶ ካነበበ በኋላ አንዱን ልብስ ከሌላው የሚለየው ምን እንደ ሆነ፥ አንዲት ጃፓናዊትስ ዛሬ ይኸንን ለብሳ ነገ ያንን የምትለብስበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። የጃፓን ልብስ ልዩነት በአብዛኛው የቅርጽ ልዩነት ሳይሆን የለባሹ ዕድሜና ሁኔታ፥ የሚለበስበት ጉዳይና ወቅት ልዩነት ነው። ደግሞም ይህ የአለባበስ ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ የቈየ ነው ቢባልም፥ ብዙው ክፍሉ ከሜይጂ ዘመን ወዲህ የተደነገገ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ጃፓን ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በመልእክተኛነት ወደዚያ ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ገበያ ይሸጥ ከነበረው የጥጥ ጨርቅ ብዙው የጃፓን ፋብሪካ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ጨርቁን ያወቅነውን ያህል የሠሪዎቹን ልብስ አላወቅነውም።

፩. ስለ ስሙ

«ኪሞኖ» የሚለው ቃል ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። «ኪ» መልበስ፥ «ሞኖ» ነገር ማለት ስለ ሆነ ፍችው «የሚለበስ ነገር» ይሆናል፤ ይህም እኛ «ልብስ» ከምንለው የራቀ አይደለም። ቃሉ የአንድ ዐይነት ልብስ ስም ሆኖ የተወሰነው ከጐኑ ሌላ ዐይነት ልብስ በመጣ ጊዜ ነው። በ1868 የሜይጂ መንግሥት ከቆመ በኋላ የአውሮጳ ልብስ ወደ አገሩ ሲገባ፥ ጃፓኖች መጤውን «ዮፉኩ»፥ የራሳቸውን ደግሞ «ዋፉኩ» ብለው ለዩ። እንግዲህ «የጃፓን ልብስ» የሚለው ክፍል ራሱ የተወለደው ከባዕድ ልብስ ጋር በመነጻጸር ነው።

ዛሬ ኪሞኖ የምንለው ልብስ ቀድሞ የሚታወቀው «ኮሶዴ» በሚል ስም ነበር፤ ትንሽ እጅጌ ማለት ነው። «ትንሽ» የተባለው የእጅጌው ርዝመት ሳይሆን እጅ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። በሄያን ዘመን፥ ማለት ከ794 እስከ 1185፥ መኳንንቱ ሰፋፊ እጅጌ ያላቸውን ልብሶች ደራርበው ሲለብሱ ኮሶዴን ከሥር ያደርጉት ነበር። ተራው ሕዝብ ግን ያንኑ ዐይነት ልብስ ያለ መደረቢያ ይለብሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት የጦርነት ዘመናት የቤተ መንግሥቱ ሀብት ሲመነምንና ወታደሮች ሲገንኑ፥ ከላይ የሚደረበው እየቀረ ሄደና በ16ኛው መቶ ዓመት ኮሶዴ የታላቁም የታናሹም የላይ ልብስ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የአገር ክብር መግለጫ ተብሎ የሚታየው ልብስ ለመኳንንቱ የውስጥ ልብስ፥ ለድኻው የሥራ ልብስ የነበረው ነው። የሄያኑ ድርብርብ ልብስ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። «ጁኒሂቶዬ»፥ ማለት ዐሥራ ሁለት ድርብ፥ የሚባለው የሴት ወይዛዝርት ልብስ ዛሬም በቤተ መንግሥት ታላላቅ በዓላት ይለበሳል። እቴጌ ማሳኮ ጥቅምት 22 ቀን 2019 በተፈጸመው የንግሥ በዓል ለብሰውት ታይተዋል። የድርቡ ቍጥር ግን እንደ ስሙ ሁልጊዜ ዐሥራ ሁለት አይደለም።

የስሙ መደባለቅ ያስከተለውን ጣጣ በቅርብ ዘመን ሁለት ጊዜ ለማየት ተችሏል። በ2015 በአሜሪካ የቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር፥ ክሎድ ሞኔ በ1876 የሣለው «ጃፓናዊቷ» የተባለ ሥዕል ላይ የሚታየውን ልብስ አስመስሎ አሠርቶ ጐብኚዎች እየለበሱ በሥዕሉ ፊት እንዲቆሙ ጋበዘ። ጥቂት ሰዎች ይህ የሌላውን ሕዝብ ባህል መጫወቻ ማድረግ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሌሎች ደግሞ ተቃዋሚዎቹን ተቃወሙ፤ ቤተ መዘክሩም ማልበሱን ተወ። ከሁለቱ ወገኖች የትኛው እውነት እንደ ነበረው እዚህ ለመፍረድ አንነሣም። ነገር ግን ክርክሩ በጠቅላላው «የኪሞኖ ክርክር» ሲባል፥ ለጐብኚዎቹ የቀረበው ልብስ ኡቺካኬ የሚባለው፥ መቀነት ሳይታሰርበት ከሌላ ልብስ በላይ የሚደረብ ካባ ነበር። ይህ ልብስ በዛሬይቱ ጃፓን የሚታየው በተለይ በሙሽራ ላይና በመድረክ ላይ ነው። ማን፥ መቼ፥ ስለ ምን እንደሚለብሰው ቢነገር ኖሮ ክርክሩ ባይቀር እንኳ የሚከራከሩበት ነገር ግልጽ በሆነ ነበር። በ2019 ደግሞ ኪም ካርዳሺያን የተባለችው አሜሪካዊት ለውስጥ ልብስ ንግዷ «ኪሞኖ» የሚል ስም ባወጣች ጊዜ የኪዮቶ ከተማ ከንቲባ ስሙን እንድትተው በደብዳቤ ጠየቋት፤ እርስዋም ለወጠችው። «የሚለበስ ነገር» ማለት ብቻ የነበረው ቃል በመቶ ኀምሳ ዓመት ውስጥ የሕዝብ ሀብት ሆኖ የሚጠበቅ ስም ለመሆን በቅቷል።

፪. ስለ አቈራረጡ

ሁለተኛውን ልማድ፥ ማለት በቅርጽ መከፋፈልን፥ ለመመዘን ልብሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የኪሞኖ ጨርቅ የሚሸመነው በጠባብ ጣቃ ነው። የጣቃው ስፋት ከ36 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር፥ ርዝመቱም ወደ 12 ሜትር ያህል ነው። ከዚህ አንድ ጣቃ ስምንት ቍራጮች ይወጣሉ፤ ሁለቱ ለገላ፥ ሁለቱ ለእጅጌ፥ ሁለቱ ከፊት ለሚጨመረው ማስፊያ፥ ሁለቱም ለአንገትጌና ለአንገትጌው መሸፈኛ ይሆናሉ። ሁሉም የሚቈረጡት በቀጥታ መስመር ስለ ሆነ የሚጣል ቍርጥራጭ የለም ማለት ይቻላል። የአውሮጳ ሰፊ ጨርቁን በሰውነት ልክ ይቀርጸዋል፤ የጃፓን ሰፊ ግን ጨርቁን እንዳለ ትቶ፥ ከሰውነት ጋር የሚያስማማውን ማጠፍና ማሰር ለለባሹ ይተውለታል።

ይህ አሠራር የቍጠባ ብልኀት አለው። የሐሩ ልብስ ሲቈሽሽ ስፌቱ ተፈቶ ቍራጮቹ ይታጠባሉ፤ ተወጥረው ከደረቁ በኋላ እንደገና ይሰፋሉ። ቀለሙ የደበዘዘ እንደገና ይነከራል፤ ጠርዙ ያለቀ ተገልብጦ ይሰፋል፤ የእናት ልብስ ለልጅ ይሆናል፤ በመጨረሻም እራፊው ለመጥረጊያ ይውላል።

እንግዲህ በአቈራረጥ ረገድ ዋናው ልዩነት በወንድና በሴት መካከል ነው። የወንዱ ልብስ በቁመቱ ልክ ይሰፋል፤ የሴቲቱ ግን ከቁመቷ ይረዝምና ትርፉ በወገብ ላይ ታጥፎ በመቀነት ይያዛል። የሴቲቱ እጅጌ ከብብት ሥር ክፍት ሲሆን የወንዱ ከገላው ጋር የተሰፋ ነው። የሴቲቱ አንገትጌ ወደ ኋላ ተስቦ ማጅራቷን ያሳያል፤ የወንዱ ከአንገቱ ላይ ይጣበቃል። ሁለቱም የግራውን ጐን በቀኙ ላይ ያሳርፋሉ። ይህም በ719 በቤተ መንግሥት ዐዋጅ የታዘዘ ሲሆን፥ ቀኙ በግራው ላይ የሚውለው ለሬሳ ብቻ ነው። በዚህ የተሳሳተ የውጭ አገር ሰው ሳያውቀው እንደ ሙት ለብሶ ይታያል።

ከዚህ በቀር ግን የሙሽራይቱ እናት የምትለብሰው ቶሜሶዴ፥ ለጕብኝት የሚለበሰው ሆሞንጊ፥ ለገበያ የሚለበሰው ኮሞን፥ በበጋ ማታ የሚለበሰው ዩካታ፥ ለቀብር የሚለበሰው ሞፉኩ፥ ሁሉም በአንድ አቈራረጥ የተሰፉ ናቸው። አምስቱን በአንድ ጥቁር ጥላ ብንሥላቸው አንዱን ከሌላው የሚለይ ሰው አይገኝም። ቅርጽን መሠረት አድርጎ ዝርዝር የሚያወጣ ጸሐፊ በዚህ ስፍራ ላይ ይሰናከላል፤ የቈጠራቸው «ዐይነቶች» በእርሱ መለኪያ አንድ ናቸውና።

፫. ልዩነቱ የት ነው?

ጃፓኖች ልዩነቱን የሚያነቡት የውጭ ሰው እንደ ጌጥ ብቻ በሚያልፋቸው ነገሮች ላይ ነው። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

ሀ) እጅጌ። ፉሪሶዴ ማለት «የሚወዛወዝ እጅጌ» ማለት ነው። እጅጌው ከ85 እስከ 114 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የሚለብሱትም ያላገቡ ወጣት ሴቶች ናቸው፥ በተለይም በጥር ወር ሁለተኛው ሰኞ በሚከበረው ለአካለ መጠን የመድረስ በዓል። ቶሜሶዴ ደግሞ «የተገታ እጅጌ» እንደ ማለት ነው። በኤዶ ዘመን ልጅቱ ስታገባ ወይም ዕድሜዋ ሲደርስ ረጅሙ እጅጌ ያጥር፥ ክፍቱም ይሰፋ ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ። ሁለቱ ስሞች የሁለት ልብሶች ስም ከመሆናቸው በፊት የአንዲት ሴት ሕይወት ሁለት ወቅቶች ስም ነበሩ ማለት ነው።

ለ) የቤተ ሰብ ምልክትና የሥዕል ስፍራ። በልብሱ ላይ የሚታተመው የቤተ ሰብ ምልክት አንድ፥ ሦስት ወይም አምስት ይሆናል፤ ቍጥሩ ሲጨምር የልብሱ ማዕረግ ይጨምራል። ጥቁር ቶሜሶዴ አምስት ምልክት ያለው፥ ሥዕሉም ከወገብ በታች ብቻ የሆነ፥ ላገባች ሴት የሠርግ ቀን የክት ልብስ ነው፤ በተለይ የሙሽሮቹ እናቶች ይለብሱታል። ሆሞንጊ ሥዕሉ ስፌቱን እየተሻገረ ከትከሻ እስከ ጠርዝ የሚያያዝ ነው። ይህ እንዲሆን ነጩ ጨርቅ መጀመሪያ ለጊዜው ተሰፍቶ ሥዕሉ ይነደፍበትና እንደገና ተፈትቶ ይቀለማል። ኢሮሙጂ ሥዕል የሌለው አንድ ቀለም ብቻ ሲሆን፥ ምልክት ከተጨመረበት ወደ ክት፥ ካልተጨመረበት ወደ ዘወትር ያዘነብላል። ኮሞን ትንንሽ ሥዕል በጠቅላላው ጨርቅ ላይ የተደጋገመበት የዘወትር ልብስ ነው። ሞፉኩ አምስት ምልክት ያለው፥ ሌላ ምንም ጌጥ የሌለበት ከል ነው።

ሐ) የጨርቁ አሠራር። ለልብሱ ከተሸመነ በኋላ የተቀለመ ጨርቅ፥ ፈትሉ ተቀልሞ ከተሸመነው በማዕረግ ይበልጣል። ለመቀነቱ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሽመና የተጌጠው ከተቀለመው ይበልጣል። የዚህን ሥርዐት ጠባይ ትሱሙጊ በተባለው ጨርቅ ላይ እናገኘዋለን። ትሱሙጊ ለረጅም ክር ከማይሆን የሐር ትል ጎጆ በእጅ ተፈትሎ የሚሠራ ሲሆን ጥንት የገጠር ሰው ልብስ ነበር። ዩኪ ትሱሙጊ የተባለው አሠራር በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል፤ ዋጋውም እጅግ ከፍ ያለ ነው። ቢሆንም አንዲት ሴት ይህን ውድ ልብስ ለብሳ ወደ ሠርግ ብትሄድ ሥርዐት አላወቀችም ትባላለች። ከእርሱ በብዙ የሚረክስ ጥቁር ቶሜሶዴ ግን ያስከብራታል። እዚህ ላይ ዋጋና ማዕረግ ተለያይተዋል። በሥዕል የተደገፈ የስም ዝርዝር ይህን የመሰለውን ነገር ሊያሳይ ከቶ አይችልም።

መ) ወቅት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገበር ያለው፥ በሰኔና በመስከረም ገበር የሌለው፥ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይለበሳል። የልብስ መለወጫ ቀኖቹ ሰኔ 1 እና ጥቅምት 1 ናቸው። እነዚህም ወራት እንደ ዓመታቱ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ። በቅርብ ዓመታት ሙቀቱ እየበረታ ስለ ሄደ ብዙ ሰዎች በግንቦትም ገበሩን ይተዉታል፤ ሥርዐቱም በአየሩ ምክንያት እየላላ ነው።

ሠ) መቀነት። ኦቢ የሚባለው የሴቶች መቀነት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ወደ 4 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፥ የወንዶቹ 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያገባች ሴት ከጀርባዋ አራት ማዕዘን አድርጋ ስታስር፥ ፉሪሶዴ የለበሰች ልጃገረድ በቢራቢሮ ወይም በአበባ አምሳል ታስረዋለች። መቀነቱ የልብሱን ማዕረግ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ፥ አንዱ ኢሮሙጂ በአንድ መቀነት ለሻይ ሥርዐት፥ በሌላው ለከተማ ሽርሽር ይበቃል።

ዩካታን ለብቻው መጥቀስ ይገባል። ሲጀመር ከገላ መታጠቢያ በኋላ የሚለበስ የቃጫ ልብስ ነበር፤ ኋላም ከጥጥ እየተሠራ የበጋ በዓላትና የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ልብስ ሆነ። ከሥሩ ሌላ የውስጥ ኪሞኖ አይደረግም፤ ገበርም የለውም። የውጭ አገር ጐብኚ ብዙ ጊዜ «ኪሞኖ ለበስሁ» ብሎ የሚናገረው ዩካታን ለብሶ ነው።

፬. በእውነት በቅርጽ የሚለዩት

ከላይ የተናገርነው ለሁሉ የሚሠራ አይደለም፤ በአቈራረጣቸው የሚለዩ ልብሶችም አሉ። ሃኦሪ እስከ ዳሌ የሚደርስ፥ ከፊት የማይገጥም፥ በአጭር ገመድ የሚያያዝ መደረቢያ ነው። መነሻው የወታደር ልብስ ሲሆን፥ ለሴቶች የተሸጋገረው በኤዶ ከተማ በፉካጋዋ ሰፈር ከነበሩት ጌይሻዎች ነው። መንግሥት የነጋዴውን ጌጥ በከለከለ ጊዜ ወንዶች ከላይ ጭምት የሆነ ሃኦሪ ለብሰው በገበሩ ላይ ያማረ ሥዕል ያሠሩ ነበር። ሃካማ ከፊቱ አምስት፥ ከኋላው ሁለት ሽንሽን ያለው፥ እንደ ሱሪ የተከፈለ ወይም እንደ ጕርድ ቀሚስ ያልተከፈለ ልብስ ነው። አምስት ምልክት ያለው ጥቁር ኪሞኖና ሃኦሪ ከሃካማ ጋር ሲሆን የወንድ ከፍተኛ የክት ልብስ ይሆናል። በሜይጂ ዘመን ወንበር ላይ ለሚቀመጡና የሰውነት ማጠንከሪያ ለሚሠሩ የሴት ተማሪዎች ሃካማ ተፈቀደላቸው፤ ዛሬም ሴት ተማሪዎች በምረቃ ቀን ይለብሱታል። ሃንተንና ሃፒ የሠራተኛ አጫጭር መደረቢያዎች ናቸው፤ በጀርባቸው የአሠሪው ወይም የማኅበሩ ምልክት ይታተማል። የኤዶ እሳት አጥፊዎች በወፍራሙ የተሰፋውን ሃንተን ውሃ አጠጥተው ይለብሱት ነበር። ሞምፔ የገጠር ሴቶች ሰፊ የሥራ ሱሪ ነው።

ጃፓንም አንድ ወጥ አገር አይደለችም። በ1879 የኦኪናዋ ጠቅላይ ግዛት ተብሎ በተጠቃለለው የርዩክዩ መንግሥት ከሙዝ መሰል ተክል ቃጫ የሚሸመነው ባሾፉና በደማቅ ቀለም የሚታተመው ቢንጋታ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በሰሜን ያሉት የአይኑ ሕዝቦች ከዛፍ ልጥ የሚሸመን አቱሽ የተባለ ልብስ አላቸው። «የጃፓን ልብስ» ተብሎ የኪዮቶና የቶኪዮ ሐር ብቻ ሲቀርብ፥ እነዚህና የሠራተኛው ልብስ ሁሉ ከዝርዝሩ ይወድቃሉ።

፭. ሥርዐቱ የመቼ ነው?

እስካሁን ያየነው ሥርዐት በመማሪያ መጻሕፍት ሲቀርብ ከጥንት የወረደ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

በኤዶ ዘመን የልብስ ሕግ ያወጣ የነበረው መንግሥት ነው። በ1683 ወርቀ ዘቦና ብዙ ድካም የሚጠይቁ ጌጦች ለሴቶች ልብስ ተከለከሉ። በዚያው ዘመን በሚያዛኪ ዩዜን፥ ማለት በኪዮቶው ማራገቢያ ሠዓሊ፥ ስም የሚጠራው በሙጫ እየከለሉ የማቅለም ጥበብ ተስፋፋ፤ ያለ ወርቅና ያለ ጥልፍ ጨርቁን እንደ ሥዕል ለማስጌጥ አስቻለ። በሜይጂ ዘመን መንግሥት ራሱ ከአገሩ ልብስ ራቀ። በ1872 ለባለ ሥልጣኖች የአውሮጳ ዐይነት የክብር ልብስ ታዘዘ። በ1887 የወጣው የእቴጌይቱ ጽሑፍ ደግሞ ሴቶች የአውሮጳ ልብስ እንዲለብሱ ሲመክር የሰጠው ምክንያት እጅግ የሚያስገርም ነው። የጥንት የጃፓን ሴቶች ላይና ታች ተከፍሎ የተሠራ ልብስ ይለብሱ ስለ ነበር፥ የአውሮጳው ቀሚስ ከዘመኑ ኪሞኖ ይልቅ ለጥንቱ ይቀርባል የሚል ነበር፤ ጨርቁ ግን የአገር ውስጥ ይሁን ይላል። ስለዚህ በዚያ ዘመን «ጥንታዊነት» የኪሞኖ መከራከሪያ ሳይሆን በኪሞኖ ላይ የቀረበ መከራከሪያ ነበር። የኀዘን ልብስም ቀድሞ ነጭ ሲሆን፥ በዚሁ በሜይጂ ዘመን ከአውሮጳ ልማድ ጋር ጥቁር ሆነ። ዛሬ ፍጹም ጃፓናዊ የሚመስለው ከል እንግዲህ እንዲህ የመጣ ነው። ሆሞንጊም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትላልቅ መደብሮች አማካይነት የተስፋፋ ስያሜ ነው፤ ለመጐብኘት የምትወጣ የከተማ ወይዘሮ ስትበዛ ለእርስዋ የሚሆን የማዕረግ ደረጃ ተፈጠረላት።

ኮን ዋጂሮ የተባለው ተመራማሪ በ1925 በቶኪዮ በጊንዛ መንገድ ላይ ቆሞ የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ከረዳቶቹ ጋር ቈጥሯል። ከወንዶቹ በመቶ 67 የአውሮጳ ልብስ ሲለብሱ፥ ከሴቶቹ በመቶ 99 የአገር ልብስ ለብሰው አገኘ። ይህ ቍጥር ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፥ «ባህል ጠባቂነት» በሴቶች ትከሻ ላይ ወድቆ እንደ ነበረ ያሳያል። ሁለተኛ፥ አለባበስን ለማወቅ ከመጽሐፍ ይልቅ መንገድ ላይ መቆም እንደሚጠቅም ያሳያል። የኮን ዋጂሮ ሥራ ለተማሪ ተመራማሪ ዛሬም ምሳሌ ሊሆን የሚገባው ነው እንላለን።

በ1940 መንግሥት ለወንዶች ብሔራዊ ልብስ ደነገገ፤ ሴቶቹም በጦርነቱ ጊዜ ሞምፔ ታጠቁ። ከጦርነቱ በኋላ የዘወትር ልብስ የአውሮጳው ሆነና ኪሞኖ ወደ ክት ሣጥን ገባ። እናት በየቀኑ ስላልለበሰችው ለልጅዋ ማስተማር አልቻለችም፤ ስለዚህ አለባበስ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ያማናካ ኖሪዮ በ1964 የመሠረቱት ከታወቁት አንዱ ነው። ቀድሞ በየቤቱ፥ በየአውራጃውና በየሥራው ልዩ ልዩ የነበረው አለባበስ ለትምህርት እንዲመች በአንድ መልክ ተስተካከለ። ዛሬ «ባህላዊ ሥርዐት» ተብሎ የሚጠቀሰው ብዙው ነገር ይህ የተስተካከለው መልክ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከተጻፉት መካከል ሁለት መጻሕፍት ሊመሰገኑ ይገባል። ሊዛ ዳልቢ የተባሉት አሜሪካዊት በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ኪሞኖን በፆታ፥ በወቅትና በጉዳይ የሚነበብ ሥርዐት አድርገው ገልጸዋል። ቴሪ ሳትሱኪ ሚልሃውፕት ደግሞ በ2014 በታተመው ሥራቸው የነጋዴዎችን፥ የመደብሮችንና የሠዓሊዎችን ድርሻ አሳይተዋል። በእኛ አስተያየት አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ ያሳስታል። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሥርዐቱ ዘለዓለማዊ ይመስለዋል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ ደግሞ ሁሉ ነገር የገበያ ፈጠራ ይመስለዋል።

፮. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

«ሥርዐቱ አዲስ ከሆነ ሐሰት ነው ማለታችሁ ነውን?» የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። እንዲህ አላልንም። ልማድ ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ እውነትነቱ አይቀንስም፤ የሙሽሪት እናት በጥቁር ቶሜሶዴ የምትሰጠው ክብር ልማዱ መቶ ዓመት ኖረ ሺህ ዓመት ኖረ እውነተኛ ክብር ነው። ትምህርት ቤቶቹም ሊጠፋ የነበረውን እውቀት አድነዋል። የምንቃወመው የቅርቡን ሥርዐት ጥንታዊ ብሎ በመሰየም ከምርመራና ከለውጥ ማራቅን ነው።

ጕዳቱም በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም። ደንቡ በጠነከረ መጠን ለባሹ እየፈራ ሄደ፤ የገዢው ቍጥር ሲቀንስ ሸማኔውና ቀላሚው ሥራ አጡ። በመንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው አስቁመው መቀነትሽ ጠሟል፥ ወቅቱን ስተሻል የሚሉትን ሰዎች ጃፓኖች ራሳቸው «የኪሞኖ ፖሊስ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። በአንጻሩ ውራጅ ኪሞኖ በርካሽ ገዝተው ከጫማና ከባርኔጣ ጋር እንደ ወደዱ የሚለብሱ ወጣቶች አሉ። እነዚህን ባህል አጥፊዎች ብሎ መንቀፍ የኮሶዴን ታሪክ መርሳት ነው፤ ልብሱ ከውስጥ ወደ ላይ የወጣው ደንብን በማክበር ብቻ አልነበረምና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተናገርነው የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። «ኪሞኖ» ብቻ ብሎ የጻፈ ምንም አልነገረንም፤ የስም ዝርዝር የሰጠንም ጥቂት ብቻ ነገረን። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ልብስ የሚገልጽ ተማሪ ከስሙና ከሥዕሉ ጋር አራት ነገሮችን አብሮ እንዲመዘግብ እናሳስባለን። ማን እንደሚለብሰው፥ በምን ወቅት እንደሚለበስ፥ ለምን ጉዳይ እንደ ሆነ፥ ከምን ጋርና እንዴት እንደሚታሰር። አምስተኛም እንጨምራለን፤ ደንቡን ማን፥ በየትኛው ዓመት እንዳወጣው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ልብሱን ከሌላው ልብስ ይለዩልናል፤ አምስተኛው ደግሞ ባህል የምንለው ነገር በሰዎች እጅ የሚሠራ፥ በሰዎችም እጅ የሚለወጥ መሆኑን ያስታውሰናል።